በሁለተኛው ጊዜም የሚያስደንቁ ቀረጻዎች፦ እናንተ የትኞቹን ትመክራላችሁ?

የማታ አድማጭ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥሩ ድምፅ በተወያየን ቁጥር ዞረን የምንመለሰው ወደ እነዚያው የማሳያ ሸክላዎችና ዲስኮች ነው። ሲምባሉ ጥርት ይላል፣ ቤዙ ይጎላል፣ ዘፋኟ ፊታችን የቆመች ትመስላለች፤ ከዚያ ያለፈ ቀልብ የሚይዝ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይገኝባቸውም። በዚህ ክር መሰብሰብ የምሻው ሌላ ዓይነት ነው፦ የተቀረጹበት ክፍል፣ ቴፑ፣ ማይክሮፎኑ ወይም የአድማጩ ጆሮ ራሱ እንደ አንድ ተጫዋች የሚገባባቸውን ቀረጻዎች። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ላስቀምጥ፦ መጀመሪያ ሲሰሙት አስደንግጦ በሁለተኛው ጊዜ ባዶ የሚሆነውን እንተወው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ፤ ፈልጎ ለማግኘት ይቀላል።)

ለመነሻ ሁለት ላቅርብ። የመጀመሪያው አሜሪካዊው አልቪን ሉሲየር በ1969 የሠራው «አይ አም ሲቲንግ ኢን ኤ ሩም» ነው። ሰውየው በአንድ ክፍል ተቀምጦ አጭር ጽሑፍ ሲያነብ ድምፁን ይቀርጻል፤ ያንን በዚያው ክፍል በስፒከር አጫውቶ እንደገና ይቀርጸዋል፤ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ እንዲሁ ያደርጋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማንኛውም ክፍል በግድግዳዎቹ ርቀትና በቅርጹ ምክንያት አንዳንዶቹን ሞገዶች ያጎላል፣ ሌሎቹን ያዳክማል። በአንድ ዙር ይህ ልዩነት እምብዛም አይታወቅም፤ በየዙሩ እየተባዛ ሲሄድ ግን ተነባቢዎቹ ይሟሟሉ፣ ቃላቱ ይደበዝዛሉ፣ በመጨረሻም የንግግሩ ምት ብቻ ቀርቶ ክፍሉ ራሱ እንደ ደወል ሲያስተጋባ ይሰማል። በ1981 በሸክላ የወጣው ቅጂ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ 32 ዙርም አለው።

ይህን ቀረጻ ደጋግሜ እንድሰማው የሚያደርገኝ ቃላቱ የሚጠፉበትን ቅጽበት መያዝ አለመቻሌ ነው። ጽሑፉን በቃል ያወቀ ሰው፣ የማያውቅ አድማጭ ምንም በማይሰማበት ዙር ላይ እንኳ ንግግር ይሰማዋል፤ የሚናገረው ሉሲየር ሳይሆን የአድማጩ ትዝታ ነው ማለት ነው። በስፒከር የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የራሱን ክፍል እንደ አንድ ተጨማሪ ዙር ይጨምርበታል። ሉሲየር የሚንተባተብ ሰው እንደ ነበረና ጽሑፉ ራሱ ይህንን እንደሚጠቅስ ለማያውቁ ልንገራቸው፤ ክፍሉ የሚያለሰልሰው ያንን መሰናከል ጭምር ነው።

ሁለተኛው «ዲፕ ሊስኒንግ» ነው። ፖሊን ኦሊቬሮስ አኮርዲዮኗን፣ ስቱዋርት ዴምፕስተር ትሮምቦኑን ይዘው ከድምፃዊው ፓናዮቲስ ጋር በ1988 በዋሽንግተን ግዛት ፎርት ዎርደን ወደሚገኝ ባዶ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ወረዱ። ጋኑ ከመሬት በታች የተሠራ ነው፤ ሲሞላ ሰባት ሚሊዮን ሊትር የሚያልፍ ውኃ ይይዝ ነበር። በውስጡ አንድ ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ 45 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ አሁን ከሚያወጡት ድምፅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከግማሽ ደቂቃ በፊት ካወጡት ጋርም መስማማት ነበረባቸው። በአኮርዲዮንና በትሮምቦን መካከል ያለው ልዩነት የሚሰማው ድምፁ ሲጀምር ብቻ ነው፤ መነሻውን ካመለጣችሁት የቀረው ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። በሚቀጥለው ስሚታችሁ መነሻዎቹን ብቻ አሳድዱ፤ ሌላ ሙዚቃ ታገኛላችሁ።

ሪልና ቴፕ

የማታ አድማጭ፣ እርስዎ ክፍሉን ካነሡ እኔ ቴፑን ላንሣ። ዊልያም ባሲንስኪ በ1980ዎቹ የሠራቸውን፣ ጫፍና ጫፋቸው ተቀጥሎ የሚሽከረከሩ አጫጭር የቴፕ ቀለበቶች በ2001 ወደ ዲጂታል ሲገለብጥ፣ ድምፁን የያዘው የብረት ኦክሳይድ ከፕላስቲኩ ላይ እየረገፈ መሆኑን አየ፤ ማሽኑን ግን አላቆመም። ውጤቱ ከ2002 ጀምሮ «ዘ ዲስኢንተግሬሽን ሉፕስ» በሚል ስም በተከታታይ ወጣ፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ከአንድ ሰዓት ያልፋል።

ብዙ ሰው «ቀስ እያለ የሚጠፋ ድምፅ» ብሎ ያልፈዋል፤ ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ድምፁን ሰው በእጁ እየቀነሰው ቢሆን ሁሉም እኩል ይደክም ነበር። እዚህ ግን ሽፋኑ በረገፈበት ቦታ ብቻ ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀለበቱ ዞሮ ሲመጣ ክፍተቱ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ሰፍቶ ይጠብቃል፤ አጠገቡ ያለው ቃና ደግሞ ገና ሙሉ ነው። ስለዚህ አንዱን ክፍተት መርጠው ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ አንሥተው እስከ መጨረሻው ይከተሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ክፍተት ይምረጡ። ያስቀመጡት የሁለተኛ ስሚ ፈተና እንዲህ ያልፋል ብዬ አምናለሁ።

ከተራው የፖፕ ዘፈንም አንድ ልጨምር፤ ምክንያቱም አስደናቂ ድምፅ የሚገኘው በሙከራ ሙዚቃ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ሲወራ ደስ አይለኝም። የቴን ሲሲ ባንድ በ1975 ያወጣው «አይም ኖት ኢን ላቭ» በስተጀርባው ደመና የመሰለ የድምፅ ምንጣፍ አለው። ያ ሲንተሳይዘር አይደለም። ሦስቱ አባላት እያንዳንዱን ቃና 16 ጊዜ እየደጋገሙ ዘመሩ፤ ይህ ለአንድ ቃና 48 ድምፅ ይሆናል፤ ለ13 ቃናዎች ሲሆን 624 ድምፅ። እያንዳንዱ ቃና በራሱ የቴፕ ቀለበት እየዞረ በሚክሰሩ ላይ የየራሱ መቆጣጠሪያ ተሰጠው፤ ዝማሬው የተቀነባበረውም እነዚያን መቆጣጠሪያዎች እንደ ኦርጋን ቁልፍ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። ጆሮ የሚጠይቀው ነገር ግን ሌላ ነው፦ መቆጣጠሪያዎቹ እስከ ታች እንዳይዘጉ ስለተደረገ ሁሉም 13 ቃናዎች በጣም በስሱ ሳያቋርጡ ይሰማሉ። ዘፋኙ ዝም በሚልባቸው ቦታዎች ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው ያዳምጡ፤ ኮርዱ ላይ የሌሉ ቃናዎች ከታች ሲያንሾካሹኩ ይሰማሉ።

አልታለልም

ለሁለታችሁም አክብሮት እያለኝ፣ እስካሁን የቀረቡት ሁሉ ከሙዚቃነታቸው ይልቅ ታሪክነታቸው ያመዝናል። ስለ ረገፈው ቴፕ ምንም ያልተነገረው ሰው ያንን አንድ ሰዓት እስከ መጨረሻው ያዳምጣል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። አስቀድሞ የተነገረን ተረክ ጆሯችንን እየመራ እዚያ የሌለውን ሁሉ ያሰማናል፤ ከዚያም «ድምፁ አስደናቂ ነው» እንላለን።

የእኔ መመዘኛ ታሪኩን ሳያውቁ ጆሮ ራሱ የሚጠይቀው ቀረጻ ነው። ኪት ጃሬት ጥር 24 ቀን 1975 በኮሎኝ ኦፔራ ቤት ያቀረበውን የፒያኖ ኮንሰርት ውሰዱ። ምንም የማያውቅ አድማጭ እንኳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነዋል፦ ይህን ያህል ችሎታ ያለው ሰው ለምን መሃሉን የቃና ክልል ሙጥኝ ይላል? ግራ እጁስ ለምን አንዲቱን ሐረግ ደጋግሞ ይፈጫል? መልሱ ፒያኖው ነው። የተጠየቀው ትልቅ ፒያኖ ቀርቶ መለማመጃ የነበረ ትንሽ ፒያኖ ቀርቦለት ነበር፤ ከፍተኛ ቃናዎቹ ቀጫጭንና ሻካራ፣ ቤዙ ደካማ፣ ፔዳሎቹም ችግር ያለባቸው ነበሩ። ተጫዋቹ የሚያምርለትን ክልል እየመረጠ፣ የቤዙን ድክመት በድግግሞሽ እየሸፈነ ተጫወተ። እዚህ ላይ ድምፁ ጥያቄውን ጠየቀ፣ ታሪኩም በኋላ መጥቶ መለሰ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሲሆን ነው የምቀበለው።

የማታ አድማጭ

ክቡር አልታለልም፣ ስለ ባሲንስኪ ያቀረቡት ክርክር ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ ሪልና ቴፕ ይከራከርዎት። ለሉሲየር ግን አይሠራም፤ የሚነበበው ጽሑፍ ራሱ «በክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ድምፄን እየቀረጽኩ ነው፣ ደጋግሜ አጫውተዋለሁ» እያለ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። ታሪኩ ከውጭ በሽፋን ላይ የተለጠፈ ሳይሆን የቀረጻው የመጀመሪያ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የተነገረን ነገር ዓይናችን እያየ፣ ጆሯችንም እየሰማ ሲፈርስ የምንታዘብበት ነው። የኮሎኙን ኮንሰርት ምክንያት ግን በደስታ ከዝርዝሩ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ሦስተኛው ጆሮ

ታሪክ ሳይነገር ጆሮ የሚደነግጥበት ቀረጻ ከተፈለገ የሜሪአን አማቸርን «ሳውንድ ካራክተርስ» የሚያህል አላውቅም። በ1999 የወጣ ነው። ከትራኮቹ አንዳንዶቹ በፍጥነት የሚደጋገሙ ከፍተኛና ጥርት ያሉ ቃናዎች ብቻ ናቸው። ስፒከራችሁን በመጠነኛ ድምፅ ከፍታችሁ ክፍሉ መሃል ቁሙ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ከስፒከሩ የማይመጣ ሌላ ዜማ፣ ዝቅ ባለ ቃና፣ ከራስ ቅላችሁ ውስጥ ወይም ከጆሯችሁ አጠገብ ሲርመሰመስ ትሰማላችሁ። ራሳችሁን ወደ ጎን ስታዞሩ ስፒከሮቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ያ ሁለተኛው ዜማ ግን አብሯችሁ ይዞራል። ማንም ሰው ምንም ሳይነገረው ዞር ዞር ብሎ ምንጩን ይፈልጋል።

የሚሆነው ነገር እንዲህ ነው። የውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ዝም ብሎ የሚቀበል ማይክሮፎን አይደለም። በኮክሊያው (ቀንድ አውጣ በመሰለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል) ውስጥ ያሉት ውጫዊ የፀጉር ሴሎች ደካማ ድምፅን ለማጉላት ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ ማጉላት ደግሞ ቀጥተኛ ምጥጥን የለውም። ሁለት ቃናዎች አብረው ሲገቡ ሦስተኛ ይወለዳል። ለምሳሌ 1000 ሄርዝና 1200 ሄርዝ አንድ ላይ ብናሰማ፣ ከሚወለዱት ዋናው ከመጀመሪያው እጥፍ ሁለተኛውን ቀንሰን የምናገኘው 800 ሄርዝ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት የሆነው 200 ሄርዝም ሊሰማ ይችላል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ታርቲኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ሦስተኛው ድምፅ» ብሎ ጽፎበታል። ጆሮ ራሱ ድምፅ ወደ ውጭ እንደሚያወጣ ዴቪድ ኬምፕ በትንሽ ማይክሮፎን ለክቶ ያረጋገጠው ግን በ1978 ነው፤ ዛሬ የአራስ ሕፃናትን መስማት ለመመርመር የሚያገለግለው ዘዴ ከዚሁ የመጣ ነው።

አማቸር ያደረገችው ይህንን ዝንባሌ የሙዚቃ መሣሪያ ማድረግ ነው፤ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ግማሹ ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚጻፈው በእያንዳንዱ አድማጭ ጆሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ አጠገቤ የቆመው ሰው የሚሰማው ሁለተኛ ዜማ ከእኔው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ ማንም ግን ይህን ቀርጾ ሊያወዳድርልን አይችልም። ለክርክር የሚመች ሙዚቃ አይደለም።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አንሡ፤ ያ ሁለተኛው ዜማ እንደተሰማ አቁሙ፤ ረጅም ጊዜም አትቆዩበት። ከፍተኛ ቃናዎች ሳይታወቃችሁ ጆሮን ያደክማሉ። በጆሯቸው ውስጥ ጭውታ ያለባቸው ሰዎች ቢተዉት ይሻላል።

ጀማሪ አድማጭ

ሦስተኛው ጆሮ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ሁልጊዜ በሄድፎን ነው የማዳምጠው፤ ይህ በሄድፎንም ይሆናል ወይ? በአጠቃላይስ በዚህ ክር ከተጠቀሱት ውስጥ ለሄድፎን የሚሻለው የትኛው ነው?

ሦስተኛው ጆሮ

ጆሮ የሚወልደው ቃና በሄድፎንም ይወለዳል። የሚጠፋው ልዩነቱ ነው። በስፒከር ሲሆን አንዱ ድምፅ ከክፍሉ፣ ሌላው ከራስዎ ውስጥ ሲመጣ በግልጽ ይለያሉ፤ ሄድፎን ሲያደርጉ ግን ሁሉም ድምፅ ከራስ ውስጥ ስለሚመጣ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። የአማቸርም ምክር በስፒከር እንዲሰማ ነው። ለሄድፎን ስለሚሆኑት የሚቀጥለው ሰው የተሻለ ይመልስልዎታል።

ሁለት ስፒከር

«የሚቀጥለው ሰው» እኔ ሆኜ ተገኘሁ መሰለኝ። ለጀማሪ አድማጭ፦ በሄድፎን ብቻ የሚሠሩ ቀረጻዎች ባይኖራል ይባላሉ። የሰው ጭንቅላት ቅርጽ ባለው ምስል ሁለት ጆሮዎች ውስጥ ማይክሮፎን ተተክሎ ይቀረጻል፤ የጆሮው ቅርጽና በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት አብሮ ስለሚቀረጽ፣ አድማጩ ከኋላውና ከጎኑ የሚመጣ ድምፅ ይሰማል። የሉ ሪድ «ስትሪት ሃስል» በ1978 ሲወጣ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ቀደምት የሮክ አልበሞች አንዱ ነበር። በስፒከር ሲጫወት የግራው ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮም ስለሚደርስ ዘዴው ይፈርሳል፣ የሚቀረውም ትንሽ የራቀ፣ የደበዘዘ ድምፅ ነው።

ተቃራኒው የሮጀር ዋተርስ «አምዩዝድ ቱ ዴዝ» ነው፤ 1992። የተሠራው ኪውሳውንድ በተባለ ዘዴ ሲሆን በሁለቱ ጆሮዎች መካከል የሚፈጠረውን የጊዜና የመጠን ልዩነት በሂሳብ አስቦ ሁለት ስፒከሮች ብቻ ከሌሉበት ቦታ ድምፅ እንዲያወጡ ያደርጋል። በመጀመሪያው ትራክ ላይ አንድ ውሻ ይጮኻል፤ ስፒከሮቹ በትክክል ከተቀመጡ ጩኸቱ የሚመጣው ከቀኙ ስፒከር በጣም ርቆ፣ አንዳንዴም ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው። አቀማመጡ ወሳኝ ነው፦ ከግራው ስፒከር ወደ ቀኙ፣ ከእያንዳንዳቸውም ወደ እርስዎ ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ራስዎን አንድ ስንዝር ወደ ጎን ቢያዛውሩት ውሻው ተመልሶ ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። አልታለልም ይህን «ተንኮል ነው» ሊል ይችላል፣ ልክም ነው፤ በሁለተኛው ስሚ ውሻው ያስደንቃል፣ በአሥረኛው ግን የስፒከር አቀማመጥ መፈተሻ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ ተንኮል የሌለበትን ስፋት የሚወድ ሰው የካውቦይ ጀንኪስን «ዘ ትሪኒቲ ሴሽን» ይስማ። ኅዳር 27 ቀን 1987 በቶሮንቶ በሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከሞላ ጎደል በአንድ ቀን፣ በአንድ አምቢሶኒክ (ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ድምፅ አንድ ላይ በሚይዝ) ማይክሮፎን ተቀረጸ። ሚክስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንድ መሣሪያ ከጎላ ተጫዋቹ ከማይክሮፎኑ ይራቅ ዘንድ ግድ ነበር። ዘፋኟ የምትዘፍነው በለሰለሰ ድምፅ ስለሆነ በድምፅ ማጉያ በኩል እንዲወጣ ተደርጎ ያው ማይክሮፎን ያንን ስፒከር ይዞታል። ድምጿ በቅርብ ያለ ቢመስልም የመጣው ከሳጥን ነው፤ ዙሪያው ያለው አየር ግን የሕንፃው ነው። ይህ በሄድፎንም በስፒከርም ያምራል።

በዚሁ አጋጣሚ በ1997 የወጣውን የፍሌሚንግ ሊፕስ «ዛይሪካ» ሳልጠቅስ አላልፍም። አራት ሲዲ ሲሆን አራቱም በአራት ማጫወቻ በአንድ ጊዜ እንዲጫወቱ የታሰበ ነው። አራት ሰው ጣቱን በቁልፍ ላይ አድርጎ ቢቆጥርም እኩል መጀመር አይቻልም፣ ማጫወቻዎቹም በፍጥነት ስለማይገጣጠሙ እየሄዱ ይለያያሉ። ለብቸኛ አድማጭ አይሆንም፤ ሰው መጥራት ግድ ነው።

እንዚራ

እስካሁን የተነሡት ሁሉ ከመሣሪያው በኋላ ድምፁ ላይ የተደረገ ነገር ናቸው። መሣሪያው ራሱ ጆሮን የሚያታልልበትን ላምጣ። የበገና ዐሥሩ ጅማቶች በድልድዩና በጅማቱ መካከል የሚገባ ቁራጭ ቆዳ አላቸው፤ ስሙን ለመጠሪያዬ የተዋስኩት እሱን ነው። ጅማቱ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳውን እየነካ ይለቃል፤ ያ መንካት ከመሠረታዊው ቃና በላይ ብዙ ከፍተኛ ሃርሞኒኮችን (የመሠረታዊው ቃና ብዜት የሆኑ ተጓዳኝ ቃናዎችን) ይወልዳል፣ የሕንዱ ታንፑራ በድልድዩ ላይ በሚደረግ ክር የሚሠራውም ከዚሁ ሥርዓት የተቀራረበ ነው። ዓለሙ አጋ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ላይ የተጫወተውን በትንሽ ስፒከር አጫውቱት። ስፒከሩ ዝቅተኛውን ቃና ጨርሶ ማውጣት ባይችል እንኳ ጆሯችሁ ከሃርሞኒኮቹ ርቀት ተነሥቶ የሌለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ ቤዝ ወደሚያወጣ ስፒከር ስትሻገሩ ቃናው ያው ሆኖ ክብደቱ ብቻ ሲጨመር ትሰማላችሁ።

ሌላው የኮንጎው ኮኖኖ ቁጥር አንድ በ2004 ያወጣው «ኮንጎትሮኒክስ» ነው። ሊኬምቤ የተባለውን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያ ከመኪና ዕቃ በወጣ ማግኔት በተሠራ ማይክሮፎን አጎሉት፤ ከዚህ የመጣው መሰንጠቅና መንጫጫት ለአንድ የድምፅ መሐንዲስ ብልሽት ይመስላል። ባንዱ ግን አላጠፋውም፤ የሊኬምቤ ተጫዋቾች ከጥንትም ቢሆን የሚነዝር ድምፅ ይወዳሉና። ጥሩ ማጫወቻ አለኝ የሚል ሰው የገዛው መሣሪያ የተበላሸ መስሎት ገመድ ሲነቃቅል ማየት ያስቃል።

ውኃና ነፋስ

ሙዚቃ ለሚለው ድንበር ካላበጃችሁ በ1970 የወጣው «ሶንግስ ኦቭ ዘ ሃምፕባክ ዌል» ከዚህ ክር መቅረት የለበትም። ሮጀር ፔይን ያዘጋጀው ሲሆን ከቀረጻዎቹ ታዋቂው በቤርሙዳ አካባቢ ከባሕር በታች በተተከሉ ሃይድሮፎኖች የተያዘ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዝበት አራት እጥፍ ይበልጣል። ዓሣ ነባሪው ሲያበቃ የሚከተለው ማሚቶ እኛ ከለመድነው አዳራሽ ጋር የማይዛመደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1979 ከዚሁ የተውጣጣ ስስ የፕላስቲክ ሸክላ በ10.5 ሚሊዮን ቅጂ አብሮ አሰራጭቷል።

የክሪስ ዋትሰን «ዌዘር ሪፖርት» (2003) ደግሞ ጊዜን ይጨምቃል። ሦስት ትራኮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 18 ደቂቃ ናቸው። የመጀመሪያው በኬንያ ማሳይ ማራ የተቀረጸ 14 ሰዓት በ18 ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ነው። መቆራረጡ አይሰማም፤ ቀትሩ መቼ ወደ ማታ እንደተለወጠ ግን የምታውቁት በነፍሳቱ ብቻ ነው። አልታለልም ይህንን ያለ ታሪክ ሊሰሙት ይችላሉ ብዬ አስባለሁ።

አልታለልም

ሰምቼዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ሆኖም ስለ ታሪክና ጆሮ ያነሣሁትን የሚያጠናክር አንድ ምሳሌ ላክል። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሊዮን ስኮት ደ ማርታንቪል ሚያዝያ 9 ቀን 1860 በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የድምፅን ሞገድ በመርፌ ጻፈ፤ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልነበረም፣ ማጫወቻም አልተሠራለትም። በ2008 ተመራማሪዎች ወረቀቱን በኮምፒውተር አንብበው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰሙት፤ አንዲት ልጅ ወይም ሴት የፈረንሳይኛ የሕዝብ ዜማ ስትዘምር ተሰማ። ዓለም ሁሉ «የልጅቷ ድምፅ» አለ። በዓመቱ ፍጥነቱ እጥፍ እንደነበረ ታወቀ፤ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ቀስ ብሎ የሚዘምር ጎልማሳ ወንድ፣ ምናልባትም ስኮት ራሱ ሆነ። ሁለቱንም ቅጂዎች አዳምጡ። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ልጅቷን አለመስማት አይቻልም፤ እንዲያውም ዕድሜዋን ሊገምቱ ይቃጣቸዋል።

ሪልና ቴፕ

ስለ ፍጥነት ከተነሣ ያ ነገር ማንም ባልጠረጠረው በጣም ታዋቂ አልበም ላይም ደርሷል። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በ1959 ሲቀረጽ በመጀመሪያው ቀን የነበረው ዋናው የቴፕ ማሽን ከሚገባው ፍጥነት ቀስ ብሎ ይዞር ነበር፤ ስለዚህ በትክክለኛ ማሽን ሲጫወት የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ሦስት ትራኮች ፈጥነውና ቃናቸው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ወጡ። የሁለተኛው ገጽ ትክክል ነው። ስህተቱ በአሳታሚው የታረመው በ1992 እትም ነው። የቆየ ሸክላ ያለው ሰው ፒያኖውን አስተካክሎ ከሁለቱ ገጾች ጋር አብሮ ለመጫወት ቢሞክር አንደኛው ገጽ አልገጥም ይለዋል።

ጀማሪ አድማጭ

ታዲያ የትኛውን ልስማ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የወደደው ፈጣኑን ከሆነ፣ ትክክለኛው የትኛው ነው ይባላል?

አልታለልም

የታረመውን ይያዙ። ምክንያቴ ታሪክ አይደለም፦ በታረመው ላይ የመለከቱ ድምፅ ትንሽ ይጠቁራል፣ ቤዙም በመጀመሪያው ትራክ መግቢያ ላይ ረጋ ብሎ ይገባል። ከቻሉ አሮጌውን ቀድመው፣ አዲሱን አስከትለው፣ መግቢያውን ብቻ ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ በመካከላቸው ሌላ ሙዚቃ አይስሙ።

የማታ አድማጭ

በዚሁ ላይ አንድ የአሠራር ማሳሰቢያ ልጨምር። ከኢንተርኔት የምታዳምጡ ከሆነ የትራኮችን ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያና ትራኮችን የሚያቀላቅለውን ምርጫ አጥፉ። የዋትሰንን ዝምታ እንደማይበጠብጥ እርግጠኛ ካልሆናችሁም ማስታወቂያ በሌለበት መንገድ ስሙት። ሉሲየርን የምትፈልጉ 45 ደቂቃ የሚፈጀውን ምረጡ፤ አጫጭሮቹ ቅጂዎች ቃላቱ ከመጥፋታቸው በፊት ያቆማሉ ማለት ባይቻልም፣ በመጥፋትና በመቅረት መካከል ያለውን ረጅም ድንበር ለማዳመጥ የሚበቃ ጊዜ አይሰጡም።